የጋሽ አስር ጣት ግራ እጅ

በእኛ ቤት ከአባባ በስተግራ ብርጭቆ አይቀመጥም። ይህን ሕግ የተማርኩት ልጃቸውን አግብቼ እዚህ ቤት በገባሁ ሰሞን ነው። ጥሩ አማች ለመምሰል ሻይ ይዤ መጣሁና ብርጭቆውን ከኮምፒውተራቸው አጠገብ በግራ በኩል አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ አነሳችው። "በዚህ በኩል አይሆንም" አለችኝ፣ እሳት ሊነካ እጁን እንደዘረጋ ሕፃን እያየችኝ። ለምን ብዬ ሳልጠይቅ አባባ የሚጽፉትን መስመር ጨረሱ። ግራ እጃቸው ከቁልፎቹ ላይ ተነሳች፤ ብርጭቆው በነበረበት ቦታ አየሩን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጋ ተመለሰች። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ጽሑፋቸውን ቀጠሉ።

ሰፈሩ ጋሽ አስር ጣት ይላቸዋል። ወጣት ሳሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ሲቀጠሩ፣ ሌላው በሁለት ጣት ሲለቅም እሳቸው በአስሩም ጣታቸው፣ ቁልፉን ሳያዩ፣ አንዳንዴም በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ ይጽፉ ነበር። በጽሕፈት መኪና ላይ መስመር ሊያልቅ ሲል ደወል ቅጭል ይላል። ያኔ በግራ በኩል ያለችውን ረዘም ያለች ብረት ገፋ ሲያደርጓት፣ ወረቀቱን የያዘው ክፍል ተንሸራቶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ አዲስ መስመር ይጀመራል። አባባ ጉልምስናቸውን የጨረሱት ይህችን ብረት ሲገፉ ነው። በኋላ ኮምፒውተር መጣና የጽሕፈት መኪኖቹ ዕቃ ቤት ተጣሉ። አባባ ኮምፒውተሩን ሳይቸገሩ ለመዱት፤ ግራ እጃቸው ግን ወሬውን አልሰማችም።

እማማ ደግሞ በዚያው መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ስለነበር፣ ባላቸውን መጀመሪያ የወደዱት በጆሯቸው ነው። "ሲናደድ ብረቷን በኃይል ነው የሚመታት" ይላሉ። "ሲርበው ቀስ ይላል። እኔን ሊያይ ያሰበ ቀን ደግሞ ደወሉ ሳይጮህ ነው የሚመልሳት።" ይህን ሲያወሩ አባባ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

በዚህ ጋብቻ ያልተደሰተ አንድ ሰው ነበር፤ የእማማ ታላቅ እህት። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። አንደበታቸው ስለት ነው። "የሰው ቃል ሲገለብጥ የሚውል ሰው የራሱ ምን አለው? የሰው ወርቅ አያደምቅ" አሉ ያኔ፤ ከዚያ በኋላም አጋጣሚ ባገኙ ቁጥር ደግመውታል። የብርጭቆውም ሕግ በእሳቸው ነው የመጣው። ኮምፒውተር እቤት የገባ ሰሞን ሊያዩት መጥተው፣ አዲስ ክሬም ቀሚሳቸውን ለብሰው ከአባባ በስተግራ ተቀመጡ፣ ሻያቸውንም እዚያው አኖሩ። የሆነው ሆነ። ሻዩ ከቀሚሱ ታጥቦም አልለቀቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች ማዕዘን ነገር ተዘጋ።

አባባ የእትዬን አባባል ሲነግሩን እየሳቁ ነው። አንድ ቀን ግን ሱቃቸው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ "ውሸቷን አይደለም እኮ" አሉኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የከፈቷት ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ናት፤ እኔ ፎቶኮፒውን አነሳለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። "ዕድሜ ልኬን ጻፍኩ። ከታች የሚፈርመው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። አንዲት ነገር 'ይቺ የእሱ ናት' ብትባልልኝ ደስ ይለኝ ነበር።" አንጀቴን በሉት። ተነስቼ የፎቶኮፒውን ወረቀት መሙላት ጀመርኩ።

ፊልሙ የመጣው ይህን ባሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ዕቃ የሚያዝበትን የስልክ መተግበሪያ የሠራ አንድ ታዋቂ ኩባንያ አለ። ሁለት ጓደኛሞች በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው የጀመሩት ይባላል። ያ አጀማመር በፊልም ሊሠራ ነው ተባለ። ረዳት አዘጋጇ የፊልሙን ድርሰት ልታባዛ ሱቃችን ገባች፤ ወረቀቱን እስካወጣላት ድረስ ዓይኗ አባባ ላይ ተተክሎ ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው። መሪ ተዋናዩ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሲያለቅስ ያስለቅሳል፣ ሲቆጣ ያስፈራል። ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ግን ጥሬ እንደሚለቅም ዶሮ ነው። እሱ የሚጫወተው መሥራች ደግሞ እንደ ዝናብ የሚጽፍ ሰው ነበር አሉ። ስለዚህ ፊቱ የተዋናዩ፣ እጁ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀረጻል። ልጅቷ የአባባን እጅ በስልኳ ቀረጸችና ሄደች። የቀረጸችው ግማሽ መስመር ብቻ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

በማግስቱ ተደወለ። እጃቸው ተፈልጓል።

የዚያን ሰሞን የአባባን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሰውየው እጃቸውን ይዘው እንደ አዲስ ሙሽራ ሆኑ። ሲወጡ ጓንት አደረጉ። ሳህን የማጠብ ተራቸው ሲደርስ፣ "እጄ እኮ አሁን የፊልም ንብረት ነው" ብለው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። እማማ ማታ ማታ ቅባት እየቀቧቸው፣ "ስንጋባ እንኳ እንዲህ አላማረብህም" ይሏቸዋል። ሳህኑ ለማን እንደተረፈ አልናገርም፤ አማች መሆን ቀላል አይደለም።

እማማ ደግሞ ለእትዬ ደወሉ። ማዞሪያ ላይ የሠራ ሰው ስልክ ላይ ያውቅበታል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም ከተጠያየቁ በኋላ ነው ነገሩን ቀስ ብለው ጣል ያደረጉት። "እጁን በሲኒማ ልታይው ነው" አሉ።  ከወዲያ እትዬ፣ "የሰው እጅ ሆኖ ነዋ" አሉ። እማማ ስልኩን በቀስታ ዘጉ። አባባ ሰምተው ነበር። "ግድ የለም፣ ስታየው ታውቀዋለች፤ እጄን አታጣትም" አሉ። እኔ ያኔ ነው ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑ የገባኝ።

የቀረጻው ቀን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። ቦታው ባዶ መጋዘን ነው፤ መሐሉ ላይ የመሥራቾቹ ክፍል ተሠርቶ ቆሟል። መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ገመድ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ፀሐይ የሆነ ትልቅ መብራት። አባባ ክፍሉን ዞረው አዩና፣ "አራተኛው ግድግዳስ?" አሉ።

"እዚያ ካሜራው ይቀመጥበታል" አለቻቸው ዳይሬክተሯ። ቆፍጠን ያለች፣ ጸጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ሴት ናት።

"ታዲያ ብርዱን እንዴት ቻሉት?" አሉ አባባ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀና ተወደዱ። እጃቸውን ላጯቸው፣ ቀለም ቀቧቸው፣ የመሥራቹን ሹራብ አለበሷቸው። ከክርናቸው በላይ ጡረተኛ፣ ከክርናቸው በታች ጎረምሳ ሆነው ተቀመጡ።

ከዚያ መጋዘኑ ጸጥ አለና ጀመሩ። አማቴ ስለሆኑ አይደለም፤ እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ጣቶቹ ቁልፎቹን የሚነኩ አይመስሉም። ዳይሬክተሯ በትንሿ ቴሌቪዥን እያየች አገጯን ይዛ ፈገግ አለች። መስመሩ አለቀ። ግራ እጃቸው ብድግ አለች፣ አየሩን ገፋ አደረገች፣ ተመለሰች።

"ካት" አለች ዳይሬክተሯ። "ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው። ግን ያቺ እጅ የት ሄዳ መጣች?"

"የትኛዋ እጅ?"

የተቀረጸውን አሳየቻቸው። አባባ ወደ ቴሌቪዥኗ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ደግመው እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን እኮ ከተውኩት ቆየሁ" አሉኝ። "ብርጭቆ መድፋት አቁሜያለሁ አይደለም እንዴ?"

እዚያ ቆሜ ቤተሰባችን ምን እንደሠራ ገባኝ። ስንት ዘመን ሙሉ ሁላችንም ብርጭቆ እያነሳን ቦታውን ስናጸዳ፣ እጃቸው የምትመታው ነገር አጣች። የሚደፋ ሲጠፋ አመሉም የጠፋ መሰላቸው። አንድም ቀን፣ "አባባ፣ አሁንም እኮ ያደርጉታል" ያላቸው የለም። አመል ያወጣል ከመሐል ሲባል እሰማ ነበር፤ ቤተሰብ ሸሽጎት ሲያወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እንደገና ተሞከረ። እጃቸውን ሲጠብቁ ጣታቸው ይሳሳታል፤ ጣታቸውን ሲለቁት እጃቸው ትነሳለች። ዳይሬክተሯ አልተቆጣችም፤ ያም ባሰ። በመጨረሻ የዕቃ ኃላፊው ክፍሉ ባዶ መሰለው መሰለኝ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በግራ። እኔ ከካሜራው ጀርባ አፌን እስክከፍት ድረስ ውሃው ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንዲት ጭስ ወጣች። ዕረፍት ተባለ።

ሁሉም ወደ ውጭ ሲወጣ አባባ የጎረምሳ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ቀሩ። መሪ ተዋናዩ መጥቶ ፍራሹ ላይ፣ ከአጠገባቸው ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ያቺ እጅ ግን ምን እያደረገች ነው?" አላቸው።

አባባ መጀመሪያ የሚያሾፍባቸው መሰላቸው። ልጁ ግን ከልቡ ነው። ስለዚህ ስለ ደወሉና ስለ ብረቷ፣ ሲናደዱና ሲርባቸው እንዴት እንደሚገፏትም ነገሩት። "መስመር ሲያልቅ ብረቷን ትገፋለህ። መኪናው ወደ መጀመሪያው እስኪመለስ ድረስ ቅጽበት ታህል ዕረፍት አለች። የሚቀጥለውን የምታስበው ያኔ ነው። አሁንማ መስመሩ በራሱ ይሄዳል፤ ማን ያስተነፍስሃል?"

"አየህ፣ እኔ ደግሞ" አለ ልጁ፣ አንተ ማለቱን ሳያስተውለው፣ "ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ሲያስብ እንዴት እንደማሳይ ጠፍቶኝ ነው የከረምኩት።" ግራ እጁን አነሳና አየሩን ገፋ አደረገ።

"እንደሱ ዝንብ ነው የሚባረረው" አሉት አባባ። "ብረት እንዳለ አስብ። ትንሽ ትከብዳለች።" እጁን ይዘው አሳዩት። ልጁ ደገመው። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

ከዕረፍት በኋላ ግን ውሳኔው መጣ። ከአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቀጫጭን ጣት ያላት ልጅ ተጠርታለች። አባባን አመሰገኗቸው፣ እጃቸውን አጥበው ሸኟቸው። በመኪና ስንመለስ፣ "ደህና ሰዎች ናቸው" አሉኝ። ማታ እራት እንዳለቀ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው ሳህኑን አጠቡ። እማማ ሳህኑ ሲንኳኳ ሰምተው ሁሉንም ነገር አወቁ። ሄደው በፎጣ ያደርቁላቸው ጀመር። "ለእትዬ አትንገሪያት" አሉ አባባ። እማማ፣ "እኔ ምን ቆርጦኝ" አሉ።

እትዬ ግን አልረሱም። በየጊዜው እየደወሉ፣ "ያ እጅ መቼ ነው የሚታየው?" ይላሉ። እማማ መስመሩ እንደተበላሸ አድርገው ይዘጉታል፤ ሙያቸው ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ መሪ ተዋናዩ ራሱ ሱቅ መጥቶ ትኬት ሰጠን። "ጋሼ፣ እንዳይቀሩ" ብሎ ወጣ። አባባ መሄድ አልፈለጉም። እትዬ ግን ወሬውን ከየት እንደሰሙት እንጃ፣ በዕለቱ ለብሰው በር ላይ ቆሙ። መሸሻ አልነበረም። ሲኒማ ቤት ውስጥ አባባን በመሐል አድርገን ተቀመጥን፤ እማማ በቀኛቸው፣ እትዬ በግራቸው። አባባ ወንበራቸው ውስጥ ሰምጠው፣ ቅጣቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ።

መብራቱ ጠፋ። ክፍሉ መጣ፤ ፍራሹ፣ ገመዱ። ከዚያ እጅ ታየ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ የልጅቷ እጅ። እትዬ ወደ አባባ ጎንበስ ብለው፣ "ይቺ እንኳ ያንተ አይደለችም" አሉ። አባባ፣ "አይደለችም፣ እትዬ" አሉ። ድምፃቸው አሳዘነኝ። እማማ ቀኝ እጃቸውን ያዙ።

ካሜራው ወደ ኋላ ተመለሰና ተዋናዩ ታየ። የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነ። ግራ እጁ ብድግ አለች፣ አንዲት ትንሽ የምትከብድ ነገር እንዳገኘች ሁሉ አየሩን ገፋች፣ ልጁም ቅጽበት ታህል ዝም ብሎ አሰበ። ከዚያ ቀጠለ።

አባባ ቀና አሉ።

እንደገና አደረገው። ተስፋ ሲቆርጥ በኃይል መታት፤ ሲርበው ቀስ አለ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የደረሳቸው ጊዜ ሁለቱም ጓደኛሞች እኩል ገፏትና ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እማማ ማልቀስ ጀምረዋል፤ በአንድ እጃቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ በሌላው ባላቸውን አልለቀቁም። "ሰማሁት" ይላሉ ለራሳቸው። "ደወሉን ሰማሁት።"

እትዬ ግን አንዴ ወደ ፊልሙ፣ አንዴ ወደ አባባ ግራ እጅ ያያሉ። በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ ያሉ መስሏቸው ከፊታችን ሦስት ረድፍ በሚሰማ ድምፅ፣ "ይቺንማ አውቃታለሁ" አሉ። "ቀሚሴን ያበላሸችብኝ እጅ ናት።"

"አዎ፣ እትዬ" አሉ አባባ።

"ያንተ ናት።"

"የኔ ናት።"

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቦርሳቸውን ከአባባ በኩል አንስተው ወደ ሌላኛው ጉልበታቸው አዛወሩ፤ ለግራ እጃቸው ቦታውን ለቀቁላቸው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ የብዙ ሰው ስም አለፈ። የአባባ የለበትም። እሳቸው ግን ስሙ ሁሉ እስኪያልቅ ቆመው አነበቡ፣ የሰው ልፋት መዘለል የለበትም ብለው።

ፊልሙ ተወደደ። አሁን በየመንገዱ ጎረምሳው አንድ ነገር በጨረሰ ቁጥር ግራ እጁን አየር ላይ ይገፋል። ፈተና የጨረሰ ተማሪ፣ ጎማ የቀየረ ሾፌር፣ ሁሉም። እውነተኛው መሥራች በሬዲዮ ተጠይቆ፣ "ሳስበው፣ ያኔ እንዲያ ሳላደርግ አልቀረሁም" አለ። እኔ ሬዲዮኑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። አባባ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ተወው" አሉኝ። "እሱም አንዲት ነገር ይኑረው።"

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የሥራ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጣ። እሱ ይናገራል፣ አባባ ይጽፋሉ። መስመሩ ሲያልቅ እጃቸው ተነሳች። ወጣቱ ፊቱ በራ።

"ጋሼም ፊልሙን አይተውታል?"

"አይቼዋለሁ" አሉ አባባ።

"ግን ትንሽ ተሳስተዋል፤ አይቀየሙኝ። እሱ እንደዚያ አይደለም የሚያደርገው። ክንዱን ከፍ ነው የሚያደርገው፤ እንዲህ።" አሳያቸው።

ነገሩን ልነግረው ከፎቶኮፒው ጀርባ ብድግ አልኩ። አባባ በዓይናቸው ቁጭ አደረጉኝ።

"እስቲ ድገምልኝ" አሉት።

ልጁ ደገመላቸው። አባባ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው ሞከሩት።

"አሁን ገባዎት" አላቸው።

"ጎበዝ አስተማሪ ነህ፣ ሥራውን ታገኛለህ" አሉትና ወደ ማመልከቻው ተመለሱ። የሚቀጥለው መስመር ሲያልቅ ግን እጃቸው የተነሳችው እንደ ድሮዋ ነው።